ጎጃምን መገመት

ቁይ የት እንደሆነች የማታውቁ አንባቢዎቻችን ብዙ እንደሆናችሁ እንገምታለን። (ግምታችን ጥናት የለውም፤ እንዲሁ በዓይን ነው። ዛሬ የምናወራውም ስለዚህ ዓይነቱ ግምትና ስለ ሌላኛው ዓይነት ነው።) ቁይ በምሥራቅ ጎጃም የደባይ ጥላትግን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ዙሪያዋ ጤፍ አገር ነው። ፒያሳ ተቀምጦ ማኪያቶ የሚጠጣ ሰው የሚበላው እንጀራ ከዚያ አካባቢ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ቁይ ግን አስቦ አያውቅም።

እስቲ አንድ ጥያቄ እንያዝ። በአንድ የዝናብ ወቅት ማዳበሪያ በሰዓቱ ያልደረሰው የደባይ ጥላትግን ገበሬ ስንት በመቶ ነው? ወረዳውን ሁሉ ቤት ለቤት መዞር አይቻልም እንበል። ከመላው ወረዳ 400 አባወራና እማወራ በዕጣ መርጠን ጠየቅን። 120ዎቹ «አልደረሰንም» አሉ። ሠላሳ በመቶ መሆኑ ነው። (ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል እኛው ፈጠርነው፤ ማንም ይዞት ስብሰባ እንዳይገባ!)

አሁን ክርክሩ ይነሳል። «አራት መቶ ሰው ጠይቃችሁ ስለ ስንት ሺህ ቤት ታወራላችሁ?» የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱም አለ፤ ሒሳቡም የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራው ነው። 0.30ን በ0.70 አባዙ፤ 0.21። ለ400 አካፍሉ፤ 0.000525። ስኩዌር ሩቱን አውጡ፤ 0.023 ገደማ። በ1.96 አባዙት፤ 0.045። ስለዚህ ለሽማግሌው «ሠላሳ በመቶ» ብለን አንዘጋም፤ «ከ25.5 እስከ 34.5 በመቶ ባለው ውስጥ ነው ብለን እናምናለን» እንላለን። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ግን የመጀመሪያው ግምት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል አብሮ የሚናገር ግምት ነው።

1.96 ከየት መጣች? ከደወሉ ኩርባ። አንድ ቡድን ብቻ ሳይሆን አንድ ሺህ ቡድን ወደ ቁይ ላክን እንበል፤ እያንዳንዱ የራሱን 400 ሰው በዕጣ መርጦ ይመጣል። አንዱ 29 በመቶ፣ ሌላው 31፣ ሌላው 27 ይዞ ይመለሳል። ውጤታቸውን እንደ ጡብ ብንደረድረው መሀሉ ከፍ ያለ፣ ግራና ቀኙ እየተንሸራተተ የሚወርድ ክምር ይወጣል። ቅርጹ የቤተክርስቲያን ደወል ይመስላል። ከመቶ ቡድን 95 ያህሉ ከእውነተኛው ቁጥር ከ1.96 መደበኛ ስህተት በላይ አይርቁም። እኛ የላክነው አንድ ቡድን ብቻ ነው፤ ግን ቡድኑ ከየትኛው ክምር እንደተመዘዘ እናውቃለን።

አብዛኛውን ሰው የሚያስገርመው ደግሞ ይኼ ነው፦ የወረዳው ሕዝብ ብዛት ሒሳቡ ውስጥ የለም። 400 ሰው ለደባይ ጥላትግንም ለመላው አማራ ክልልም የሚሰጠው ትክክለኛነት ያው ነው ማለት ይቻላል። ሰርገኛ ጤፍ የሚገዛ ነጋዴ ይህን ያውቃል። ቀዩና ነጩ በደንብ የተደባለቀ ከሆነ፣ ከአንድ ጆንያም ይዝገን ከአንድ ጎተራ፣ እፍኙ ያው እፍኝ ነው። ነጋዴው ጎተራው ትልቅ ነው ብሎ እፍኙን አያሳድግም። የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፦ እጁን እስከ ክርኑ ድረስ ጆንያው ውስጥ ይከታል። ሻጭ ከላይ ነጩን እንደሚያለብስ ያውቃላ!

ይህን ሒሳብ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ያወጣው አብርሃም ደ ሞይቨር የሚባል ፈረንሳዊ ፕሮቴስታንት ነው። በሃይማኖቱ ምክንያት ከአገሩ ተሰዶ ለንደን ውስጥ የሒሳብ አስጠኚ ሆኖ ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1733 ሳንቲም ብዙ ጊዜ ሲወረወር አንበሳና ጎፈር የሚመጣበት ስርጭት ወደዚህ ኩርባ እንደሚጠጋ አሳየ። ለእርሱ ነገሩ የቁማር ሒሳብ ነበር። የአገር ሕዝብ ለመገመት ያዋለው ላፕላስ ነው።

የላፕላስን ታሪክ ጠበቅ አድርገን እንይዘዋለን፤ ሁለት ምዕተ ዓመት ቆይቶ ጎጃም ላይ የምናገኘው ችግር ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1802 ፈረንሳይ መላ ሕዝቧን አልቆጠረችም፤ ከ30 አውራጃዎች የተመረጡ ቀበሌዎችን ብቻ ቆጠረች። በቀበሌዎቹ 2,037,615 ሰው ተገኘ። የሦስት ዓመት ልደት ከመዝገብ ታየ፤ ለያንዳንዱ የዓመት ልደት 28.35 ነዋሪ ይደርስ ነበር። በመላው አገር በዓመት አንድ ሚሊዮን ልጅ ቢወለድ ሕዝቡ 28 ሚሊዮን ከ350 ሺህ ገደማ ይሆናል ማለት ነው። እስከዚህ ያለውን ሌሎችም ከእርሱ በፊት ሠርተውታል። ላፕላስ የጨመረው ውርርዱን ነው፦ ስህተቱ ከግማሽ ሚሊዮን እንደማይበልጥ በትልቅ ብልጫ እወራረዳለሁ አለ። በዓለም ታሪክ ከናሙና የወጣ የሕዝብ ቁጥር የስህተቱን መጠን በኩርባው አስልቶ ይዞ ሲወጣ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ይህ ነው።

ታዲያ ቀበሌዎቹ እንዴት ተመረጡ? በዕጣ አይደለም። ትጉህና አስተዋይ ከንቲባ አላቸው የተባሉት ናቸው የተመረጡት! መዝገቡ በደንብ የሚያዝበት፣ ደብዳቤ ሲላክለት የሚመልስ ቀበሌ ማለት ነው። የላፕላስ ሒሳብ ግን ቀበሌዎቹ ከጎተራው መሀል እንደተዘገኑ ቆጥሮ ነው የሚሄደው። የውርርዱ ቁጥር ስለዚህ ጉዳይ ምንም አያውቅም። ይህ ነገር ለአገራችን ጥናት ሠሪዎች ባዕድ አይደለም። እንግሊዛዊው ሮበርት ቻምበርስ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፉ ባለሙያዎች ገጠርን የሚያዩት አስፋልት ዳር ዳሩን ነው ብሎ ጽፏል። መኪና የሚገባበት፣ ሊቀመንበሩ ስልክ የሚያነሳበት ቀበሌ ሁልጊዜ ይጠናል። ቆላ የወረደው ግን አይደረስበትም።

ወደ ጎጃም እንመለስ። እዚያ «ግምት» የሚለው ቃል ደም አለበት።

በድሮው ሥርዓት አሥራት የሚባለው የምርት አንድ አሥረኛ ነው። አንድ አሥረኛን ለመውሰድ ሙሉውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሙሉውን ደግሞ የሚመዝን የለም። ስለዚህ ገማች ይመጣል። ሰብሉን ቆሞ ያይና «ይህን ያህል ይወጣዋል» ይላል። ለግምቱ ሚዛን የለውም፣ ስህተቱንም አይናገርም። ገማች ሲመጣ ጠላው የሚጠመቀውና ዶሮው የሚታረደው ለዚህ ነው። ገበሬው የስህተቱ ክልል ሰፊ መሆኑን ያውቃል፤ ወደ እርሱ በኩል እንዲያደላ ይጣጣራል። (ስታቲስቲክስ ሳይማር ኮንፊደንስ ኢንተርቫል የገባው ሕዝብ ማለት ይኼ ነው።)

ጎጃም ከግምት ይልቅ አጥብቆ የሚፈራው ቀላድን ነበር፤ የመሬት መለኪያ ገመዱን። ምክንያት ነበረው። በደቡብ ቀላድ በተጣለበት ቦታ ሁሉ ገበሬው መሬቱን እያጣ ጭሰኛ ሲሆን ታይቷል። የጎጃም ገበሬ ርስቱን ከአያት ቅድመ አያቱ ቆጥሮ ነው የያዘው፤ ስንት ጋሻ እንደሆነ መንግሥት ማወቁ ለምን ይጠቅመዋል? ከጣሊያን መባረር በኋላ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ዓ.ም. መሬት ለመለካት የተደረገው ሙከራ አመፅ እያስነሳ ቆመ።

አሁን ሁለት ነገሮች በአንድ ዘመን እንዴት እንደተገጣጠሙ ተመልከቱ። በ1953 ዓ.ም. ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያውን ዙር አገር አቀፍ የናሙና ጥናት አካሄደ፤ ጎጃም ጠቅላይ ግዛትም ተጠና፣ የጎጃም ሪፖርትም ታተመ። ዕጣ የወጣለት መንደር ውስጥ ቆጣሪ ይገባል፤ ስንት ልጅ አለህ፣ ስንት በሬ አለህ፣ ምን ዘራህ ብሎ ይጽፋል። ይህ አዲሱ ግምት ነው፦ ከጥቂት ቤት ተነስቶ ስለ ጠቅላይ ግዛቱ የሚናገር፣ ስህተቱም ሊሰላ የሚችል። ወዲያው በ1960 ዓ.ም. ደግሞ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ፣ ቁጥር 255፣ ወጣ። አሥራት ቀርቶ ግብሩ በገበሬው ገቢ ልክ እንዲሆን። ገቢው በምን ይታወቃል? በገማች ኮሚቴ። አሮጌው ግምት አዲስ ልብስ ለብሶ መጣ፤ አንዳንድ ቦታ ፖሊስ አጅቦት።

ለገበሬው እንግዲህ ሁለቱም ወረቀት የያዙ ሰዎች ናቸው። አንዱ ስለ አንተ ስለ ግለሰቡ ግድ የለውም፤ ከ400 አንዱ ነህ፣ ስምህ ከሒሳቡ ይወጣል። ሌላው ግን የመጣው ለስምህ ነው። ይህን ልዩነት ያስረዳ ሰው ነበር ብለን አናምንም። ቢያስረዳስ ማን ይሰማዋል?

የሆነው ይታወቃል። አመፁ በዳሞት፣ በሞጣና በሌሎችም አውራጃዎች ተቀጣጠለ። ገበሬው ገማቾቹን አላስገባም አለ፤ ጦር ተላከ፤ አውሮፕላን ሳይቀር ቦምብ ጣለ። የገበሬው ጥርጣሬ ግብሩ ለመሬት ልኬት መግቢያ ነው የሚል ነበር። በመጨረሻ መንግሥት አፈገፈገ። ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ምሕረት ተደረገ፣ ከ1942 እስከ 1960 ዓ.ም. የነበረ ውዝፍ ግብርም ተሠረዘ። በአንድ የግምት ሥርዓት ላይ ሕዝብ ነፍጥ አንሥቶ ካሸነፈባቸው ጥቂት አጋጣሚዎች አንዱ ሳይሆን አይቀርም።

የታሪክ ምፀቱ ያለው ገመዱ ላይ ነው። ዛሬ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚባለው መሥሪያ ቤት ምርት የሚገምተው በዓይን አይደለም። በዕጣ የወጣ የጤፍ ማሳ ውስጥ ቆጣሪው በዘፈቀደ ቁጥር እየተመራ ነጥብ ይፈልግና አራት ሜትር በአራት ሜትር ካሬ በገመድ ይከልላል። በውስጡ ያለው ብቻ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ይመዘናል። ካሬው የወደቀበት ቦታ ሰብሉ ያማረበት ይሁን የከሳበት ቆጣሪው አይመርጥም፤ እጁን እስከ ክርኑ ከተተ ማለት ነው። ይህን ጥበብ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሰፊው ካሳደጉት ሰዎች አንዱ ሕንዳዊው ማሃላኖቢስ ነው፤ ቤንጋል ውስጥ በጁት እርሻ ላይ። ለሕንድም በ1950 አገር አቀፍ የናሙና ጥናት አቋቋመ። ገመድ ጠልቶ ጦር የመከተ አገር ዛሬ ምርቱ በገመድ ይገመታል፤ ብቻ ገመዱ የሚለካው 16 ካሬ ሜትር ነው፣ ግብርም አያስከትልም።

ናሙናው ትልቅ ከሆነ ሁሉ ነገር ይስተካከላል ለሚሉ ደግሞ አንድ የአሜሪካ ታሪክ አለን። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1936 ነው፣ እኛ ማይጨው ላይ የተሸነፍንበት ዓመት። «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለ መጽሔት አሥር ሚሊዮን የምርጫ ወረቀት በትኖ ከሁለት ሚሊዮን በላይ መልስ አገኘ፤ ላንደን ሩዝቬልትን ያሸንፋል አለ። ሩዝቬልት 61 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ አሸነፈ። አድራሻ የተሰበሰበው ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ነበር፤ መልሶ የላከውም የተናደደው ነው። ለሁለት ሚሊዮን ሰው ቀመራችንን ብታሰሉ ስህተቱ ከአሥረኛ በመቶ ያንሳል። እውነተኛው ስህተት ግን ወደ ሃያ በመቶ ተጠጋ። ቀመሩ አልዋሸም፤ ያልተጠየቀውን አልመለሰም እንጂ።

አሁን ወደ ራሳችን ቁስል እንግባ። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የሕዝብ ቆጠራ ያደረገችው በግንቦት 1976 ዓ.ም. ነው፤ 42 ሚሊዮን ተባለ። (ኤርትራና ትግራይ ገጠር ጦርነት ስለነበረ የዚያ ሕዝብ የተገመተ ነው።) ሁለተኛው በ1987 ዓ.ም.፤ የአማራ ክልል 13.8 ሚሊዮን። ሦስተኛው በ1999 ዓ.ም.። የሦስተኛው ውጤት በ2001 ዓ.ም. ፓርላማ ሲቀርብ የአማራ ክልል 17.2 ሚሊዮን ሆኖ ተገኘ። ከቀድሞው ቆጠራ ተነስቶ የተተነበየው ከዚህ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ይበልጥ ነበር። አገሪቱ በዓመት 2.6 በመቶ ስታድግ ክልሉ 1.7 በመቶ ብቻ አደገ እንደ ማለት ነው። የፓርላማ አባላት ጠየቁ፣ ጋዜጦች ጻፉ፣ ሕዝቡም እስከ ዛሬ ይጠይቃል። ቁጥር የበጀት ድርሻ ነው፣ የምክር ቤት ወንበር ነው፤ ሁለት ሚሊዮን ሰው ደግሞ ተራ ስህተት ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ያኔ ምን ተደረገ? በ2004 ዓ.ም. በሁለት ቆጠራዎች መሀል የሚደረግ የሕዝብ ጥናት ተካሄደ። የናሙና ጥናት! ሁሉን ቆጥሬያለሁ የሚለውን ቆጠራ ለመፈተሽ የተጠራው ጥቂቱን ብቻ የሚጠይቀው ነው። እንግዳ ይመስላል፤ ግን አያስገርምም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ በጥድፊያ የሠለጠኑ ቆጣሪዎች ከሚሠሩት ይልቅ ጥቂት በደንብ የሠለጠኑ ሰዎች የሚሠሩት ሊታመን ይችላል። ማሃላኖቢስም ሲከራከርበት የኖረው ይህንኑ ነው። ቆጠራ የናሙና ስህተት የለውም። ሌላው ስህተት ሁሉ ግን አለው፦ የተዘለለ ቤት፣ ሁለቴ የተጻፈ ሰው፣ ለከብት ጥበቃ ሄዶ ያልተነገረለት ልጅ፣ ቆጣሪው ዳገቱን ፈርቶ ያልወጣበት ጎጥ።

ናሙና ቆጠራን እንዴት ሊያርም እንደሚችል ከኤችአይቪ በላይ ያስተማረን የለም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የኤችአይቪ ስርጭት የሚገመተው በተመረጡ ጤና ጣቢያዎች ለእርግዝና ክትትል ከመጡ እናቶች ደም ነበር። ጤና ጣቢያ ደግሞ ከተማና መንገድ ዳር ነው። በ1997 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ ከመላ አገሪቱ በዕጣ የወጡ ቤቶች ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ አዋቂዎችን መረመረ፤ 1.4 በመቶ ተገኘ። ከጤና ጣቢያው ግምት ከግማሽ በታች! ቀመራችንን በ10 ሺህ ሰው ብናሰላው ስህተቱ 0.2 በመቶ ገደማ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ዕድል ሊያለያያቸው አይችልም፤ የተለያየ ጆንያ ነው የተዘገነው። ባለሙያዎች ሁለቱንም አስታርቀው በ1999 ዓ.ም. ለአገሪቱ 2.1 በመቶ የሚል አንድ ቁጥር አወጡ። ማስታረቁ ብዙ ሰው አላስደሰተም። ቢያንስ ግን በየስብሰባው የተለያየ ቁጥር መጥቀስ ቀረ።

በምሥራቅ ጎጃም ግን ይህ ሒሳብ በጣም የሚከብደው ዓይን ላይ ነው። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የዓይን ጥናት፣ በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት 62.6 በመቶ የሚሆኑት ንቁ ትራኮማ ተገኘባቸው። ከሁሉም ክልል የባሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደንብ እንዲህ ይላል፦ በአንድ ወረዳ ከሕፃናቱ አሥር በመቶና ከዚያ በላይ የትራኮማ ምልክት ከታየባቸው ለወረዳው ሕዝብ ሁሉ አዚትሮማይሲን በየዓመቱ ይታደላል። ከአምስት በመቶ ከወረደ እደላው ይቆማል። መድኃኒቱ ለአንድ ወረዳ መምጣት አለመምጣቱ ጥቂት መቶ ሕፃናት የዓይን ቆብ ተገልብጦ ሲታይ በሚወጣ በመቶኛ ይወሰናል ማለት ነው።

እንግዲህ ለደባይ ጥላትግን 400 ሕፃናት ታይተው 4 በመቶ ወጣ ብለን እናስብ (አሁንም ምሳሌ ነው)። በቀላሉ ቀመር ስህተቱ ወደ 1.9 በመቶ ነው፤ ከ2.1 እስከ 5.9። ግን 400ዎቹ ከየቤቱ ተለቅመው አልመጡም። ሃያ ጎጥ በዕጣ ወጥቶ ከያንዳንዱ ሃያ ሃያ ሕፃን ነው የታየው፤ መኪናውና ባለሙያው የሚበቃው ለዚያ ነው። ትራኮማ ደግሞ በዝንብ፣ በእጅና በእናት ነጠላ ጫፍ የሚተላለፍ ነው። አንዱ ቤት ካለ ጎረቤት አለ። ስለዚህ ከአንድ ጎጥ የመጡ ሃያ ሕፃናት የሃያ ሕፃን ያህል ወሬ የላቸውም፤ ምናልባት የአሥር ያህል ነው። ስህተቱ ያኔ በ1.4 ይባዛል፤ ክልሉ ከ1.3 እስከ 6.7 ይሰፋል። አምስት በመቶዋ መሀል ላይ ቁጭ አለች። መድኃኒቱ ይቁም ወይስ ይቀጥል? ቁጥር ብቻ ያየ ባለሥልጣን «አራት ነው፤ ይቁም» ይላል። ክልሉን ያየ ግን ያመነታል። ሲያመነታም ልክ ነው፤ ቆሞ ከተመለሰ የሚከፍለው ዓይኑ የሚታወርበት ሰው ነውና።

እዚያው ዞን ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ውስጥ ከእ.ኤ.አ. 2006 ጀምሮ ይህን ጥያቄ በዕጣ የፈተኑ ተመራማሪዎች ነበሩ። ጎጦችን በዕጣ ከፋፍለው ለአንዳንዶቹ መድኃኒቱን ወዲያው፣ ለሌሎቹ ዘግይተው ሰጡ። ትራኮማው ቀነሰ። ያልተጠበቀው ግን ሌላ ነበር፦ መድኃኒቱ ቀድሞ በታደለባቸው ጎጦች የሕፃናት ሞት በግማሽ ያህል አንሶ ተገኘ። የዓይን መድኃኒት ለመፈተሽ የሄደ ጥናት ስለ ሞት ተናገረ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። ያለ ዕጣ ቢሆን ኖሮ «መድኃኒት የደረሰው መንገድ ዳር ያለው ነው፤ መንገድ ዳር ያለው ልጅ ድሮም ብዙ አይሞትም» የሚል ሰው ይነሳ ነበር። እኛም እንስማማ ነበር።

አንድ ነገር ቀርቶናል፤ ዕጣው የሚወጣበት ዝርዝር። ማንኛውም የናሙና ጥናት ጎጥ የሚመርጠው ከቆጠራ ቦታዎች ካርታ ነው፤ ካርታው ደግሞ ከቆጠራው ይመጣል። አራተኛው ቆጠራ በ2010 ዓ.ም. መደረግ ነበረበት፤ ተራዘመ። በ2011 ዓ.ም. ሊደረግ ነው ተባለ፤ እንደገና ተራዘመ፤ ጦርነቱም መጣ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ቁይ የምንሰማው የሕዝብ ቁጥር ሁሉ ከ1999 ዓ.ም. ተነስቶ በስሌት የተጎተተ ነው፤ ያውም አከራካሪ ሆኖ ከኖረው ቆጠራ። 1.96 ይህን አታይም። ስታሰሉም ስለ እርሱ አትነግራችሁም።

በሰኔ 1999 ዓ.ም.፣ ቆጠራው ካለፈ በኋላ፣ ቁይ ውስጥ የተወለደ ልጅ ዛሬ ጢም እያቀመቀመ ነው። እስካሁን ግን ማንም አልቆጠረውም።